ስለ ሴቶች ሥራና ስለ ቤት አስተዳደር በሻሸመኔ አውራ ጎዳና

ከሻሸመኔ በስተደቡብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓመተ ምሕረት ከተከፈተ ወዲህ፥ በዚያ ልብስ እየሰፉ ደመወዝ ከሚያገኙት የሚበዙት ወጣት ሴቶች ናቸው። ነገር ግን ከገበሬ ቤት እናት ለሥራ ስትወጣ፥ ውሃ መቅዳቱ፥ እንጀራ መጋገሩና ሕፃን መጠበቁ በቤት ይቀራል፤ ሸክሙም በአያት ወይም በታላቂቱ ልጅ ላይ ይወድቃል። ልጅቱ ስለዚሁ ከትምህርት የቀረች እንደ ሆነ፥ የዛሬው ደመወዝ የነገውን በላ ማለት ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፥ በኋላም 90 ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋራ ሲሰጥ፥ ለአባት የሰጠው 3 ቀን ነው። የቀረውን ባል በፈቃዱ ሊያግዝ ይገባዋል። ሹማምንትም ውሃንና ወፍጮን ወደ መንደር ቢያቀርቡ፥ የሕፃናት ማቆያም ቢያቆሙ፥ ቤቱም እርሻውም ይጸናል።