ስለ ሣር ማጨጃና ስለ ውሃ መሳቢያ ሞተር ዘይትና ማጣሪያ

ወፍጮና መጅ በመካከላቸው እህል ሳይኖር ቢፋጩ ድንጋይ ድንጋይን ይበላል። በሞተር ውስጥ ያሉት ብረቶችም እንደዚሁ ናቸው። ፒስቶን የሚባለው ብረት በሲሊንደሩ ውስጥ በደቂቃ ሦስት ሺህ ጊዜ ያህል ሲወጣና ሲወርድ፥ ከሲሊንደሩ ግድግዳ የሚለየው ከጠጕር የቀጠነ የዘይት ንጣፍ ብቻ ነው። ይህ ንጣፍ የተቋረጠ እንደ ሆነ ብረቱ ይግላል፤ ይፋቃል፤ በመጨረሻም ተጣብቆ ይቀራል።

በሸዋ ደጋ ድርቆሽ የሚታጨደው በማጭድ ነውና፥ ስለ ማጨጃ ሞተር መጻፋችን ለአንዳንድ ሰው እንግዳ ይመስለው ይሆናል። የሣር ማጨጃን መኪና እ.ኤ.አ. በ1830 ያወጣው ኤድዊን በዲንግ የተባለ እንግሊዛዊ ነው፤ አሳቡንም ያገኘው በፋብሪካ የሱፍ ጨርቅ ጭገር የሚከረክመውን መሣሪያ ተመልክቶ ነው ይባላል። በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀችው የደብረ ብርሃን ሰው ይህን ሲሰማ አይደነቅም። ዛሬ በትምህርት ቤትና በፋብሪካ ግቢ ሣር የሚያጭደው ትንሽ የቤንዚን ሞተር በቈላው ወገን ለሽንኵርት እርሻ ውሃ ከሚስበው ሞተር ጋራ በጠባዩ አንድ ነው። ስለዚህ ስለ አንዱ የምንናገረው ለሁለቱም ይሆናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንኮበር በታች ባለው ቈላ ሦስት ቤተ ሰዎች በማኅበር የገዙት የውሃ መሳቢያ ሽንኵርቱ ራስ በሚያበጅበት ወራት ቆመ። ባለቤቶቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ ዘይቱ ሲጐድል ይጨምሩ ነበር። ነገር ግን የጨመሩት ከቤንዚን ጋራ ለሚቀላቀል ሞተር የተሠራውን ዘይት ነበር፤ አሮጌውንም አንድ ቀን እንኳ አፍስሰው አያውቁም። ሞተሩ በተፈታ ጊዜ በሆዱ የተገኘው ነገር ዘይት ሳይሆን እንደ ቅጥራን የጠቈረ ዝቃጭ ነበር። ባለሙያ ተፈልጎ እስኪመጣ ድረስ ሽንኵርቱ ደረቀ። በጣሳው ላይ የተጻፈውን የሚያነብላቸው ሰው ቢኖር ኖሮ ይህ ጕዳት ባልደረሰ ነበር። የሚያነበው ሰው በየመንደሩ ያለው መምህር ነው።

እንግዲህ አስቀድሞ ሞተሩ ከሁለቱ ወገን የትኛው እንደ ሆነ መለየት ይገባል። በትከሻ የሚንጠለጠለው የሣር መቍረጫ በብዛት ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋራ ቀላቅሎ የሚያቃጥል ነው፤ መጠኑም እንደ ሠሪው ትእዛዝ ለሃያ አምስት ወይም ለአምሳ እጅ ቤንዚን አንድ እጅ ዘይት ነው። ይህ ሞተር የሚለወጥ ዘይት የለውም። በጎማ እግር የሚገፋው ማጨጃና የውሃ መሳቢያው ግን በአብዛኛው ዘይቱን ለብቻው በሆዱ የሚይዝ ነው፤ ቤንዚኑም ንጹሕ መሆን አለበት። የአንዱ ዘይት ለሌላው አይሆንም። የኑግ ዘይትም ለወጥ እንጂ ለሞተር አይደለም፤ ሲግል ይወፍርና እንደ ሙጫ ይጣበቃል።

ዘይት የሚመረጠው በአገሩ ብርድና ሙቀት ነው። ቅቤ በደብረ ብርሃን ማለዳ እንደ ድንጋይ ይረጋል፤ በሸዋ ሮቢት ቀትር ግን እንደ ውሃ ይፈሳል። የሞተር ዘይትም ጠባዩ ይህን ይመስላል። በጣሳው ላይ «ኤስ ኤ ኢ» የሚሉት የፈረንጅ ፊደላት እ.ኤ.አ. በ1905 የተቋቋመው የአሜሪካ የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር ምልክት ናቸው፤ ቀጥሎ ያለው ቍጥር የዘይቱን ውፍረት ይናገራል። ቍጥሩ ከፍ ባለ መጠን ዘይቱ ይወፍራል። ከቍጥሩ ጋራ «ደብልዩ» የተባለው ፊደል ቢገኝ ክረምት ማለት ነው። ክረምት ሲሉ ግን የብርዱን ወራት ነው እንጂ እንደኛ የዝናቡን ወራት አይደለምና፥ ተማሪ በዚህ እንዳይሳሳት ማስረዳት ያስፈልጋል፤ በደብረ ብርሃን ውርጭ የሚወርደው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው።

ባለ አንድ ቍጥሩ 30 ዘይት ለሙቅ አገር መልካም ነው። ሙቀቱ ከ4 ዲግሪ በታች ሲወርድ ግን ይወፍራልና ሞተሩ አልነሣም ይላል። ባለ ሁለት ቍጥሩ 10 ደብልዩ 30 በብርድ እንደ ቀጭን፥ በግለት እንደ 30 ሆኖ ይሠራል፤ ስለዚህ ለደብረ ብርሃንና ለአንኮበር ደጋ የሚስማማው ይኸው ነው። በቈላ ሙቀቱ ከ27 ዲግሪ ሲያልፍ ግን አንዳንዱ ሞተር ይህን ዘይት ቶሎ ይጨርሳልና፥ በዚያ 30 ይሻላል፤ ወይም መጠኑን ዕለት ዕለት ማየት ነው። «ኤ ፒ አይ» ከሚለው ምልክት ቀጥሎ «ኤስ» ቢገኝ ለቤንዚን ሞተር፥ «ሲ» ቢገኝ ለናፍታ ሞተር መሠራቱን ያመለክታል። ከሁሉ በላይ የሚታመነው ግን ከሞተሩ ጋራ የመጣው መጽሐፍ ነው፤ እርሱም ብዙ ጊዜ ከሣጥኑ ጋራ ተጥሎ ይገኛል።

ደጋው ሌላም ነገር ያመጣል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሯ ስስ ነው። ሞተር በየሦስት መቶ ሜትሩ ከኃይሉ ከመቶ ሦስት ተኩል ያህል ይቀንሳልና፥ በዚያ ሲሶ የሚሆነውን ኃይሉን ያጣል። አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ በዝቶ ሳይቃጠል የቀረው ወደ ዘይቱ ይወርድና ያቀጥነዋል፤ ጥላሸትም ይበዛል። እንግዲህ በደጋ የሚሠራ ሞተር ዘይቱ ከተወሰነለት ጊዜ ቀደም ብሎ ቢለወጥ ያተርፋል እንጂ አይጐዳም።

ጊዜውም እንዲህ ነው። አዲስ ሞተር የብረት ብናኝ ስለሚያወጣ፥ የመጀመሪያው ዘይት እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ5 እስከ 20 ሰዓት ከሠራ በኋላ ይፈሳል። ከዚያ ወዲያ ማጨጃው በየ50 ሰዓቱ፥ የውሃ መሳቢያው በየ100 ሰዓቱ ይለወጥለታል። በቀን 4 ሰዓት የሚሠራ መሳቢያ 100 ሰዓት የሚሞላው በ25 ቀን ነው፤ ይህን ሒሳብ ተማሪዎች በደብተር ቢይዙት ለትምህርታቸውም ለአባቶቻቸውም ይጠቅማል።

ዘይቱ የሚፈሰው ሞተሩ አምስት ደቂቃ ያህል ሠርቶ ከጠፋ በኋላ ነው፤ ሞቅ ያለ ዘይት ዝቃጩን ይዞ ይወርዳልና። ቢላዋው በድንገት ዞሮ እጅ እንዳይቈርጥ አስቀድሞ የካንዴላው ገመድ ይነቀል። ማጨጃው የግድ መጋደም ካለበት የአየር ማጣሪያው ያለበት ወገን ወደ ላይ ይሁን፤ አለዚያ ዘይቱ ማጣሪያውን ያጠፋዋል። አዲሱ ዘይት ሲገባ ሞተሩ በደልዳላ ስፍራ ይቁም። የብዙው ሞተር ሆድ ከ0.6 ሊትር አይበልጥምና ባለ አንድ ሊትሩን ጣሳ ሁሉ መገልበጥ ስሕተት ነው፤ የበዛ ዘይት አረፋ ይሆናል፤ ሰማያዊ ጢስም ያወጣል።

ስለ ማጣሪያ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አብዛኛው ትንሽ ሞተር የዘይት ማጣሪያ ጨርሶ የለውም፤ ማጣሪያው ዘይትን በጊዜው መለወጥ ነው። ትልልቁ ግን ፊልትሮ አለው፤ አዲሱ ሲገባ ጎማው ዘይት ይቀባና፥ ጎማው ከነካ በኋላ በእጅ ሦስት አራተኛ ዙር ይጠብቃል። የአየር ማጣሪያ ግን በሁሉ ዘንድ አለ፤ በኛም አገር ከዘይቱ ይልቅ የሚረሳው እርሱ ነው። ጤፍና ገብስ በሚወቃበት ወራት ከአውድማ የሚነሣው እብቅና አቧራ በአንድ ሳምንት ይደፍነዋል። ስፖንጅ የመሰለው በሳሙናና በሞቀ ውሃ ታጥቦ ይደርቃል፤ በንጹሕ ዘይት ተነክሮም ይጨመቃል። ከወረቀት የተሠራው ግን ቀስ ብሎ መታ መታ ተደርጎ ይራገፋል እንጂ አይታጠብም፤ ዘይትም አይነካውም። ማጣሪያውን አውጥቶ ሞተሩን ማሠራት፥ ለአንድ ቀን እንኳ ቢሆን፥ አሸዋ በሲሊንደሩ እንደ መጨመር ነው።

የተቃጠለውን ዘይት አንዳንድ ሰው በከብት ቍስል ላይ ይቀባዋል፤ ይህ ለከብቱም ለሰውም መርዝ ነው፤ ዘወትር ቆዳን የሚነካ ከሆነ ነቀርሳ ሊያመጣ ይችላል። መሬት ላይም ሊፈስ አይገባም። በደብረ ብርሃን የፈሰሰው በበሬሳ ወንዝ ወደ ጀማ፥ ከዚያም ወደ ዓባይ ይሄዳል፤ ከአንኮበር ተረተር በስተ ምሥራቅ የፈሰሰው ደግሞ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ስለዚህ ክዳን ባለው ጀሪካን ተጠራቅሞ፥ ልጆች ከማይደርሱበት ስፍራ ይቀመጥና ወደ ከተማ የሚወርድ ሰው ሲገኝ አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ይሰጥ። በጀሪካኑም ላይ ምን እንደ ሆነ በጕልሕ ፊደል ይጻፍበት፤ እጅም በሳሙና ይታጠብ።