«ጫማ አድርጎ ነው የሚጋገረው»፦ የኪራይ ቤታችሁን ሽቦ ማን አይቶት ያውቃል?

ጫንጮ ላይ ቤት የሚፈልግ ሰው ጥያቄው ይታወቃል። ስንት ነው? ውሃ አለ? መብራትስ? ለመብራቱ ጥያቄ አከራይ ማብሪያውን ቀጭ ያደርጋሉ፣ አምፖሉ ይበራል። በቃ፣ «አለ» ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ስለ መብራት የሚያነሳ የለም።

በቅርቡ አንድ ጓደኛችን ከጎጃም መንገድ ገባ ብሎ ካለ ግቢ ክፍል ሊከራይ ሲሄድ አብረነው ነበርን። ጭቃ ቤት ነው፤ በኖራ የተቀባ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ። ንጹሕ ነው፣ አከራይዋም ደግ ሴት ናቸው። ማብሰያ ቤቱን ከፍተው አሳዩንና «እዚህ ትጋግራላችሁ፤ ምጣዷ ትንሽ ትነዝራለች፣ ጫማ አድርጎ ነው» አሉ። በሩ ትንሽ ገፋ ማድረግ ይፈልጋል እንደሚባለው ዓይነት ነው አነጋገራቸው።

እኛም አልደነገጥንም። እናቶቻችን ቤት የሰማነው ነገር ነዋ! ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ ነው አንዳችን «ቆይ ግን፣ ለምንድን ነው የሚነዝረው?» ያለው። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ጥያቄ የመጣ ነው።

መልሱ ከባድ አይደለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሸክላው ሥር የሚግል ሽቦ አለው፣ ዙሪያውን ደግሞ ላሜራ። ሊጥ ሲፈስ፣ ሸክላው ሲሰነጠቅ፣ እርጥበት ሲገባ፣ ኤሌክትሪኩ ከሽቦው ሾልኮ ወደ ላሜራው ይመጣል። በደንብ በተዘረጋ ቤት ላሜራው ከመሬት ሽቦ ጋር፣ ባለሙያዎች ግራውንድ ከሚሉት ጋር፣ የተያያዘ ስለሆነ የሾለከው ኤሌክትሪክ በዚያ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል። ያ ሽቦ ከሌለ ግን ወደ መሬት የሚወርደው በሰው በኩል ነው። ጫማው እንግዲህ የቤቱ ብቸኛ መከላከያ ሆነ ማለት ነው። እግር እርጥብ ከሆነ፣ ጫማው ከተቀደደ፣ ወይም አንድ ሕፃን ባዶ እግሩን መጥቶ ላሜራውን ከያዘ እሱም የለም።

ስንት ኤሌክትሪክ ነው ሰው የሚጎዳው? ባለ 60 ዋት አምፖል ወደ 270 ሚሊ አምፔር ይወስዳል። በሰውነት ውስጥ ሲያልፍ የልብ ምትን ሊያዛባ የሚችለው ደግሞ ከ30 ሚሊ አምፔር ጀምሮ ነው፤ አምፖሏ ከምትወስደው አንድ አስረኛ አካባቢ። «ትንሽ ነው የሚነዝረው» ያልነው ነገር ዛሬ ትንሽ የሆነው ወለሉ ደረቅ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። ክረምት ሲገባ የጫንጮ ጭቃ ቤት ግድግዳው ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቃል።

ችግሩ ግን ምጣዱ ላይ አያበቃም። ግቢዎቹ እንዴት እንዳደጉ አስቡት። መጀመሪያ አንድ ቤት ነበር። መብራት ሲገባለት የታሰበው ለሁለት አምፖልና ለአንድ ሬዲዮ ነው። ከዚያ ልጅ ሲያገባ አንድ ክፍል ተጨመረ፣ ሽቦው ከዋናው ቤት ተጠለፈ። ከዚያ ለኪራይ ሦስት ሰርቪስ ተሠራ፣ የእነሱ ደግሞ ከልጁ ክፍል ተጠለፈ። ሁሉም የሚመገቡት ከዚያችው ከመጀመሪያዋ ቀጭን ሽቦ ነው። የተጠለፈበት ቦታ በናስትሮ ተጠቅልሎ ኮርኒስ ውስጥ ተኝቷል፤ ከአይጥ በቀር የሚጎበኘው የለም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ብዙ ጊዜ የምናገኘው ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይወስዳል። በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር አካባቢ ነው። አንዱ ተከራይ ምጣድ ላይ እያለ ሌላው ባለ 2,000 ዋት የውሃ ማፍያ ሲሰካ 9 አምፔር ይጨመራል፤ 25 ደረሰ። ሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ ከአምፔሩ ጋር እኩል አያድግም፤ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ሽቦው ግሎ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ከላዩ ማዳበሪያ፣ ከጎኑ እንጨትና ጭድ አለ።

ይህንን ማስቆም ያለበት ብሬከሩ ነው። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ ፍሪጃችሁን አይደለም፤ ይቺን ብዙ ሰው ይሳሳታታል። ሽቦው ከሚችለው በላይ ሲጫንበት ይወድቃል። ሲደጋግም ግን አከራይም ተከራይም ይሰለቻል፤ ሠፈር ውስጥ «መብራት የሚያውቅ» ልጅ ይጠራል፤ ልጁም ባለ 16ቱን ነቅሎ ባለ 40 ወይም ባለ 63 ይገጥማል። ከዚያ በኋላ ብሬከሩ አይወድቅም። ሁሉም ተደሰተ። ሽቦው ግን ያው ቀጭኑ ነው፤ አሁን መጀመሪያ የሚቃጠለው እሱ ነው። በድሮው ባልቦላ ጊዜ የተቃጠለችውን ክር በወፍራም መዳብ መተካትም ያው ጥፋት ነበር። እኛን ከጠየቃችሁን በኪራይ ቤቶች ውስጥ ካለው ሁሉ የሚያስፈራን ይህ ነው፤ ምክንያቱም ችግር መስሎ አይታይም፣ ችግር የተፈታ ነው የሚመስለው።

በነገራችን ላይ «ምጣድ መጠቀም ክልክል ነው» የሚሉ አከራዮችን ሁላችንም አምተናል። አብዛኞቹ የሚከለክሉት ለቆጣሪ ሒሳብ ብለው ነው። ሳያውቁት ግን ሽቦዋንም እየጠበቋት ነው። ተከራዩ በድብቅ ማታ ማታ ሲጋግርስ? ማታ ሁሉም ሰው ቤቱ ስለሆነ ጭነቱ የሚበዛው ያኔ ነው።

ታዲያ የሚፈትሸው ማን ነው? መብራት ኃይልን የጠበቀ ሰው ቢያንስ ለዚህኛው ጉዳይ አይጠብቅ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራው በአጭሩ ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው ነው። ምሰሶ ሲዘም፣ ከምሰሶ የሚመጣው ሽቦ ሲላላ ወይም ቆጣሪው ራሱ ሲጨስ 905 ይደወላል። ከቆጣሪው ወደ ውስጥ ያለው የቤቱ ባለቤት ነው። የኤሌክትሪክ ዝርጋታ የሚሠሩ ባለሙያዎችን የብቃት ማረጋገጫ የሚሰጠው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን አለ፤ ግን ይህ ስለ ሠሪው ነው እንጂ እናንተ የምትከራዩትን ሰርቪስ በየጊዜው መጥቶ የሚያይ አይደለም።

ሕጉስ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አከራይ ቤቱን ለተከራየበት አገልግሎት በሚሆን ሁኔታ ማስረከብና በውሉ ዘመን ሁሉ እንዲሁ መጠበቅ እንዳለበት ያስቀምጣል። ቁጥር 2077 ደግሞ ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆን እንኳ፣ ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል። አከራዮችም ይቺን ቁጥር ቢያውቋት ጥሩ ነው። መጋቢት 2016 የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች የሚሠራ ነው። ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። የዋጋና የውል ሕግ ነው፤ ሽቦ ፍተሻ ዋና ጉዳዩ አይደለም። ግን ሁለት ዓመት የሚቆይ ውል ያለው ተከራይ «ይሄ ሶኬት ይሸታል» ለማለት በወር በወር ከሚሰጋው ሰው ይልቅ አፉ ይፈታል።

እንግሊዝ አገር ዘመድ ያላችሁ ጠይቁ። በፈረንጆቹ 2020 በወጣ ደንብ እዚያ አከራይ የቤቱን መስመር ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ በብቁ ባለሙያ ማስፈተሽና ሪፖርቱን ለተከራዩ መስጠት አለበት። አደገኛ ነገር ከተገኘ በ28 ቀን፣ ወይም ሪፖርቱ ከዚያ ባጠረ ጊዜ ካለ በዚያው፣ መስተካከል አለበት። ያላደረገ አከራይ ደንቡ ሲወጣ እስከ 30,000 ፓውንድ ሊቀጣ ይችል ነበር። የቀድሞ ተከራዮችም ሳይቀሩ ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ ተካተዋል። እነሱ ጋ እንኳ ግዴታ የሆነው ገና ትናንት ነው ማለት ይቻላል። እኛ ጋ እስኪመጣ ደግሞ የምንኖረው እዚያው ቤት ውስጥ ነው።

ስለዚህ ብር ከመክፈላችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ወስዳችሁ ራሳችሁ እዩ። ምንም ነገር አትፍቱ፣ አትክፈቱ። ማየት፣ ማሽተት፣ መጠየቅ ብቻ።

መጀመሪያ «ዋናው ብሬከር የት ነው?» በሉ። አንዳንድ ግቢ ውስጥ በአከራዩ መኝታ ቤት ቁም ሳጥን ጀርባ ነው፤ እሳት ቢነሳ እኩለ ሌሊት በር አንኳኩታችሁ ልታጠፉ ነው ማለት ነው። ላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር በስልካችሁ አንሱት። 40 ወይም 63 ከሆነና ከሱ የሚወጣው ሽቦ እንደ ስልክ ቻርጀር ገመድ ከቀጠነ፣ ከላይ ያወራነው ነገር ተፈጽሟል። ቲ የምትል ፊደል የተጻፈባት ትንሽ መሞከሪያ ቁልፍ ካለ ደግሞ ደስ ይበላችሁ፤ እሷ ኤሌክትሪክ ሲሾልክ በቅጽበት የምትቆርጠው፣ አርሲዲ የሚሏት ናት።

ሶኬቶቹን እዩ። የጠቆረ፣ የቀለጠ፣ የተንጠለጠለ ካለ እዚያ ቦታ ላይ ሽቦው ላልቷል። ከገባችሁ በኋላም አንድ ከባድ ዕቃ ግማሽ ሰዓት ተሰክቶ ሲቆይ የሚግል ወይም የዓሣ ዓይነት ሽታ የሚያመጣ ሶኬት ካለ አትጠቀሙበት። ከዚያ ቆርቆሮውን ተመልከቱ። ሽቦ በቆርቆሮ ግድግዳ ወይም ጣሪያ ጠርዝ በኩል ባዶውን የሚያልፍ ከሆነ፣ ጠርዙ ፕላስቲኩን የቆረጠ ቀን ግድግዳው በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ ከቆርቆሮው ጋር የታሰረው የልብስ ማስጫ ሽቦም አብሮ። እርጥብ ልብስ ይዞ የሚቀርበው ማን እንደሆነ አስቡት።

አንድ ነገር ደግሞ ለሁላችንም። ምጣድ ወይም ስቶቭ ላይ እያላችሁ መብራት ሲሄድ ከሶኬቱ ንቀሉት። «ሲመጣ እጨርሳለሁ» ብሎ ወጥቶ የሄደ ሰው መብራቱ ሲመጣ ቤት የለም፤ ምጣዱ ግን አለ።

የቀረውን ባለሙያ ነው የሚያየው። ኢንጂነር ፍለጋ አትሂዱ፤ በቴክኒክና ሙያ የተማረና የብቃት ማረጋገጫ ወረቀቱን የሚያሳይ ሰው ይበቃል። ወረቀት የሌለው ጎበዝ እንዳለ እናውቃለን፤ ችግሩ ጎበዙን ከደፋሩ የምንለይበት መንገድ የለንም። ሜገር የሚባል መሣሪያ ይዞ ከመጣ ጥሩ ምልክት ነው። የሽቦው ፕላስቲክ አሁንም እንደሚይዝ የሚለካው በእሱ ነው፤ ንባቡ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከወረደ ያ መስመር አርጅቷል።

«ሙሉ ቤቱን አድስልኝ» ብላችሁ ከጀመራችሁ ግን ንግግሩ እዚያው ይሞታል። ብዙዎቹ አከራዮች ሀብታም አይደሉም፤ ጡረታ ላይ ያሉ እናቶች ሁለት ክፍል አከራይተው ነው የሚኖሩት። ገንዘብ ካነሰ በቅደም ተከተል ይሠራ። መጀመሪያ ብሬከሩ ለሽቦው በሚመጥን ይቀየር፤ ይህ ከሁሉም የሚረክሰው ነው። ቀጥሎ አርሲዲ ይጨመር። ከዚያ ምጣዱ ከብሬከሩ ተነስቶ ብቻውን የሚመጣ መስመር ከነመሬት ሽቦው ይዘርጋለት፤ ሽቦው ባለ 4 ቢሆን እንመርጣለን፣ ይኸውም የመዳቡ ስፋት በሚሊ ሜትር ካሬ ማለት ነው። ኮርኒስ ውስጥ ያሉት ጥልፎች ወደ ሳጥን እየገቡ ቀስ በቀስ ይስተካከሉ።

ውሉ ላይ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር አስገቡ፦ ከቆጣሪ እስከ ሶኬት ያለው መስመር ጥገና የአከራይ ነው፤ ተከራይ በራሱ ጥፋት ያበላሸውን ተከራይ ይጠግናል። የገባችሁበት ቀን ያነሳችሁትን ፎቶ በቴሌግራም ላኩላቸው፤ ቀኑ እዚያው ይቀመጣል።

ወደ ጫንጮዋ ግቢ ተመልሰን ሄድን። ጓደኛችን «እትዬ፣ ክፍሉን ወድጄዋለሁ፤ ግን ምጣዷን እናስተካክላት» አላቸው። መጀመሪያ ሳቁ። «ሃያ ዓመት ጋግሬባታለሁ፣ ምን ሆንኩ?» አሉ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው፣ የልጅ ልጃቸው በዓል በዓል እየመጣች ማብሰያ ቤት እንደምትገባ ነገሩን። ሽቦውንና ብሬከሩን እሳቸው ሊገዙ፣ የባለሙያውን እሱ ሊከፍልና ከሁለተኛው ወር ኪራይ ሊቀነስለት ተስማሙ። ባለሙያው ቅዳሜ ይመጣል።