አገሮች የሚሰፈሩበት ቁና

እህል ገበያ የወጣ ብልህ ሸማች ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ቁናውን ያያል። የቁናው መጠን ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ አንዱ ነጋዴ ከአፉ በላይ ቆልሎ ይሰፍራል፣ ሌላው በእጁ ጠርጎ ያስተካክላል። በየዓመቱ የሚወጡት ዓለም አቀፍ የፈጠራና የተወዳዳሪነት ደረጃዎችም ቁና አላቸው። አገራችን ስንተኛ ወጣች ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ አስቀድሞ ግን በምን እንደተሰፈረች ማወቅ ይገባል።

የመለኪያው ታሪክ የሚጀምረው ፍራስካቲ ከተባለች የጣሊያን ከተማ ነው። በ1963 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ባለሙያዎች እዚያ ተሰብስበው፣ አንድ አገር ለጥናትና ምርምር የሚያወጣው ገንዘብና የሚያሰማራው የሰው ኃይል እንዴት እንደሚቆጠር የሚደነግግ መመሪያ አዘጋጁ። በ1979 ዛሬ የዓለም ኢኮኖሚ ፎረም የሚባለው ተቋም የአገሮችን ተወዳዳሪነት መመዘን ጀመረ። በ2007 ደግሞ ኢንሲያድ የተሰኘው የቢዝነስ ትምህርት ቤት ዓለም አቀፉን የኢኖቬሽን ኢንዴክስ አቋቋመ። ይህን ኢንዴክስ ዛሬ የሚያሳትመው መቀመጫው ጄኔቫ የሆነው የተባበሩት መንግሥታት የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት ነው።

ኢንዴክስ ማለት ብዙ የተለያዩ መረጃዎችን አንድ ላይ አዋህዶ በአንድ ቁጥር የሚገልጽ መለኪያ ነው። የኢኖቬሽን ኢንዴክስ 80 ገደማ አመልካቾችን ይሰበስባል፤ እያንዳንዱን ከ0 እስከ 100 ወዳለ ነጥብ ይቀይራል፤ ከዚያም በሰባት ምሰሶዎች ሥር ይመድባቸዋል። አምስቱ ምሰሶዎች ግብዓትን ያሳያሉ፦ ተቋማትን፣ የሰው ኃይልና ምርምርን፣ መሠረተ ልማትን፣ የገበያን ዕድገትና የንግድ ድርጅቶችን ብቃት። ሁለቱ ውጤትን ያሳያሉ፦ በአንድ በኩል የዕውቀትና የቴክኖሎጂ ውጤቶችን፣ በሌላ በኩል እንደ ንድፍ፣ የንግድ ምልክትና ፊልም ያሉ የፈጠራ ሥራዎችን። የመጨረሻው ነጥብ የግብዓትና የውጤት አማካይ ነው።

ከዚህ ስሌት የምንረዳው የመጀመሪያ ነገር ስለ ክብደት ነው። አምስቱ የግብዓት ምሰሶዎች ግማሹን ነጥብ ሲካፈሉ ለእያንዳንዳቸው 10 በመቶ ይደርሳል፤ ሁለቱ የውጤት ምሰሶዎች ግን እያንዳንዳቸው 25 በመቶ ይይዛሉ። ይህ የአዘጋጆቹ ምርጫ ነው። ሌላ ባለሙያ ሌላ ክብደት ቢሰጥ የአገሮቹ ቅደም ተከተል ይለወጣል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከምን አንጻር ይቆጠራል የሚለው ነው። በጠቅላላ የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ማመልከቻ ብዛት ቻይና ከዓለም ቀዳሚ ናት። ኢንዴክሱ ግን ብዙዎቹን ቁጥሮች ለሕዝብ ብዛት ወይም ለኢኮኖሚ መጠን ያካፍላል። በዚህም ምክንያት 9 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት ስዊዘርላንድ ከ2011 ጀምሮ አንደኛነቷን ይዛ ስትቆይ፣ ቻይና ከመጀመሪያዎቹ አሥር ተርታ የገባችው በ2025 ነው።

ሦስተኛው ምን ይቆጠራል፣ ምንስ ይቀራል የሚለው ነው። ኢንዴክሱ በተመሠረተበት በ2007፣ በኬንያ ሳፋሪኮም የተባለው የስልክ ኩባንያ ኤምፔሳ የተሰኘ አገልግሎት አስጀመረ። ባንክ ደጃፍ ያልደረሱ ሰዎች በተራ የእጅ ስልክ ገንዘብ መላክ ቻሉ። የአገልግሎቱ ትልቅነት የታየው በሰዎች ኑሮ ላይ እንጂ በፓተንት መዝገብ ላይ አልነበረም። ገበሬዎቻችን በዘመናት ልምድ መርጠው ያቆዩአቸው የጤፍ ዝርያዎችም ፈጠራ ናቸው፤ ፓተንት የሚቆጥር መዝገብ ግን አያገኛቸውም።

አራተኛው አስተያየት ነው። የተወዳዳሪነት ደረጃዎች ከስታቲስቲክስ በተጨማሪ የድርጅት ኃላፊዎችን ይጠይቃሉ። የመንገድ ጥራት ምን ያህል ነው ሲባል፣ መላሹ የሚያነጻጽረው ከለመደው ጋር ነው። ስለዚህ ሁለት አገሮች ተመሳሳይ መንገድ ይዘው የተለያየ ነጥብ ሊያገኙ ይችላሉ።

የሚዛኑ ጠባቂም ሊፈተን እንደሚችል የዓለም ባንክ ታሪክ ያስተምራል። ባንኩ ከ2003 ጀምሮ ዱዊንግ ቢዝነስ የተባለ የንግድ ሥራ ምቹነት ደረጃ ያወጣ ነበር። በአብዛኞቹ አገሮች መረጃው የሚሰበሰበው ከትልቁ የንግድ ከተማ ብቻ ሲሆን፣ ለኢትዮጵያ ይህች ከተማ አዲስ አበባ ነበረች። በኋላም በ2018 እና በ2020 ዕትሞች ቻይናንና ሳዑዲ ዓረቢያን ጨምሮ የአንዳንድ አገሮች መረጃ ያለአግባብ መለወጡ ተደረሰበት። ባንኩ በመስከረም 2021 ሥራውን አቋረጠ፤ በ2024 ደግሞ ቢሬዲ የተባለ አዲስ መለኪያ ይዞ መጣ።

ታዲያ ደረጃዎቹ ይጣሉ? አይጣሉም። የኢኖቬሽን ኢንዴክስ አሠራሩን በይፋ ያሳትማል፤ በአውሮፓ ኮሚሽን የምርምር ማዕከል ያስመረምራል፤ የአንድ አገር ደረጃ ከየት እስከ የት ሊዋዥቅ እንደሚችልም ይገልጻል። እያንዳንዱን አገር ከገቢው መጠን ጋር ያነጻጽራል። በዚህ ንጽጽር ቬትናም፣ ህንድና ሞልዶቫ ከአሥር ዓመት በላይ ከገቢያቸው የሚጠበቀውን በልጠው ተገኝተዋል።

ኢትዮጵያ በዚሁ ኢንዴክስ የደረጃ ሰንጠረዥ የምትገኘው ከታችኞቹ ረድፎች ነው። አንባቢ ከደረጃው ቁጥር ይልቅ የሰባቱን ምሰሶዎች ዝርዝር ቢመለከት ብዙ ይማራል፤ የትኛው ምሰሶ እንደ ደከመ፣ የትኛው ከእኩዮች እንደ ተሻለ ያያል። ከዚያ ባዶ ሳጥኖቹን ይፈልግ። መረጃ ያልተገኘለት አመልካች ባዶ ይተዋል፣ ነጥቡም ከቀሩት ብቻ ይሰላል፤ ባዶው ከበዛ አገሩ ከሰንጠረዡ ይወጣል። እነዚያን ሳጥኖች ሊሞላ የሚችለው የአገሩ የራሱ ጥናት፣ የራሱ ቆጠራ ነው። የቁናው ልክ በሌሎች እጅ ቢሆንም፣ ጎተራችን ውስጥ ያለውን እህል ቆጥሮ ማወቅ የእኛ ሥራ ነው።