የክሊኒክ የሥራ ክንውን ኃላፊና ከነጋዴው ጋር ያለው ግንኙነት

አንድ የሕክምና ዕቃ ነጋዴ ፕሮፎርማውን ይዞ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሲሄድ፣ አነጋግረዋለሁ ብሎ የሚያስበው አብዛኛውን ጊዜ ሐኪሙን ነው። ሐኪሙ ግን በሽተኛ በመመርመር ላይ ስለ ሆነ፣ ነጋዴው ከካርድ ክፍሉ ጀርባ ወዳለች አነስተኛ ቢሮ ይመራል። በዚያች ቢሮ የሚያገኘው ሰው ነጭ ጋዋን አልለበሰም፤ በጠረጴዛው ላይም የሚታየው የልብ ማዳመጫ ሳይሆን የዕቃ መዝገብ፣ የጄኔሬተር ቁልፍ፣ የተረኞች ስም ዝርዝርና ያልተከፈለ ሒሳብ ክምር ነው። ይህ ሰው በብዙ ክሊኒኮች «ኦፕሬሽን ማናጀር» እየተባለ የሚጠራው የሥራ ክንውን ኃላፊ ነው። የክሊኒኩ ባለቤት ገንዘቡን ያወጣል፤ ዋናው ሐኪም ስለ ሕክምናው ትክክለኛነት ይጠየቃል፤ ኃላፊው ደግሞ ሐኪሙ እጁን ሲዘረጋ የሚፈልገው ነገር በቦታው እንዲገኝ ያደርጋል።

ይህ የሥራ መደብ በንግዱ ማኅበረ ሰብ ዘንድ በሚገባ የታወቀ አይደለም። አንዳንድ አስመጪዎችም ኃላፊውን ዋጋ ለማስቀነስ ብቻ የተቀመጠ ሰው አድርገው ይቆጥሩታል። ይሁን እንጂ አነስተኛ ዋጋ ያቀረበው ነጋዴ ቀርቶ ከፍ ያለ ዋጋ የጠየቀው የሚመረጥበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ነገሩ አድልዎ ነው ብሎ ከመጠርጠር በፊት፣ ኃላፊው ቀኑን ሙሉ ምን ሲያደርግ እንደሚውል መረዳት ይጠቅማል።

ሥራው የሚጀምረው በሽተኞች ከመምጣታቸው በፊት ነው። አስቀድሞ የሚያየው የመድኃኒት ማቀዝቀዣውን የሙቀት መዝገብ ነው፤ ሌሊት መብራት ጠፍቶ የነበረ እንደ ሆነ የሚያስታውቀው እርሱ ነውና። ቀጥሎ የጄኔሬተሩን ነዳጅ፣ የውኃ ማጠራቀሚያውንና የኦክስጅን ሲሊንደሮቹን ይመለከታል። ያገለገሉ መርፌዎች የሚጣሉበት ሣጥን ሦስት አራተኛው ሞልቶ እንደ ሆነም ታሽጎ በሌላ እንዲተካ ያዛል። ይህን ሁሉ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይጨርሳል።

ከዚያ በኋላ የሚገጥመው የሰልፍ ጉዳይ ነው። አንድ በሽተኛ ካርድ ለማውጣት ይከፍላል፤ ነርስ ሙቀቱንና የደም ግፊቱን ትለካለታለች፤ ሐኪም ያየዋል፤ ለላቦራቶሪ ለመክፈል እንደ ገና ወደ ገንዘብ ተቀባዩ ይመለሳል፤ ደም ሰጥቶ ውጤት ይጠብቃል፤ ሐኪሙን ዳግመኛ ያያል፤ በመጨረሻም ለመድኃኒቱ ለሦስተኛ ጊዜ ይሰለፋል። በሐኪሙ ፊት የሚቀመጥበት ጊዜ ከ15 ደቂቃ ባይበልጥም፣ በግቢው ውስጥ ሁለት ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ጆን ሊትል የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1961 በሒሳብ ያረጋገጠው ሕግ ለዚህ ጉዳይ መለኪያ ይሆናል። በአንድ ቤት ውስጥ በአማካይ የሚገኙት ሰዎች ቁጥር፣ በሰዓት የሚገቡት ሰዎች ቁጥር በአንድ ሰው አማካይ ቆይታ ሲባዛ ከሚገኘው ጋር እኩል ነው። በሰዓት 15 በሽተኞች የሚገቡ፣ እያንዳንዱም ሁለት ሰዓት የሚቆይ ቢሆን በቤቱ ውስጥ 30 ሰዎች ይገኛሉ ማለት ነው። ወንበሮቹ 20 ከሆኑ አሥሩ ቆመው ይውላሉ። ኃላፊው ሌላ አዳራሽ ሳያሠራ፣ ሦስቱን ክፍያ ወደ ሁለት ዝቅ በማድረግና የላቦራቶሪውን ውጤት በተላላኪ ፈንታ በኮምፒዩተር እንዲደርስ በማድረግ ቆይታውን ወደ 80 ደቂቃ ቢያወርደው፣ በቤቱ ውስጥ የሚገኙት ሰዎች ልክ 20 ይሆናሉ። በበዓል ዋዜማ መደብሩ የሚጨናነቅበት ባለሱቅም ይህን ስሌት በራሱ ቤት ቢሞክረው አይጎዳም።

በቀጠሮ ረገድም እንግሊዛዊው ኖርማን ቤይሊ እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተመው ጥናት፣ ሁለት በሽተኞች በመክፈቻው ሰዓት እንዲመጡ፣ የቀሩት ግን አንድ ምርመራ በአማካይ በሚወስደው ጊዜ ልዩነት ተራ በተራ እንዲቀጠሩ መክሮ ነበር። ሁለት የተባለው አንዱ ቢዘገይ ሐኪሙ ሥራ ፈትቶ እንዳይቀመጥ ነው። በአገራችን ግን በሽተኛው ያለ ቀጠሮ በማለዳ መምጣትን ስለሚመርጥ፣ ይህ ዘዴ በቀላሉ የሚሠራው ለክትትል በሚመላለሱት ላይ ብቻ ነው።

ሰልፉ የቱንም ያህል ቢስተካከል፣ በላቦራቶሪው ውስጥ አንዲት ጠርሙስ ፈሳሽ የጎደለች ዕለት ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። አስመጪውንና ኃላፊውን በቅርብ የሚያገናኛቸውም ይህ ጉዳይ ነው። የደም ሴሎችን የሚቆጥረው መሣሪያ የደሙን ናሙና የሚያቀጥን፣ ቀይ ሴሎችን የሚያፈርስና መሣሪያውን የሚያጥብ ልዩ ልዩ ፈሳሽ ያስፈልገዋል። አንዱ ቢጎድል ሌሎቹ በመደርደሪያ ላይ ከመቀመጥ በቀር አይጠቅሙም። ከመሣሪያዎቹ ብዙዎቹ ደግሞ የሠራቸው ፋብሪካ ካዘጋጀው ሪኤጀንት በቀር ሌላ አይቀበሉም። ስለዚህ ኃላፊው መሣሪያ ሲገዛ የሚጠይቀው የመሣሪያውን ዋጋ ብቻ አይደለም፤ በሚመጡት አምስት ዓመታት ሪኤጀንቱን ማን፣ በምን ያህል ዋጋና በስንት ቀን ውስጥ እንደሚያቀርብ፣ መለዋወጫውና ጠጋኙ በአገር ውስጥ መኖራቸውን፣ የኤሌክትሪክ ኃይል ማስተካከያው በዋጋው ውስጥ መግባቱን ጭምር ይጠይቃል። መሣሪያውን በርካሽ ሸጦ ሪኤጀንቱን ማስመጣት የተወ ነጋዴ፣ ለክሊኒኩ የሸጠለት ውድ የሆነ የጠረጴዛ ጌጥ ነው።

የትእዛዙ ስሌት አስቸጋሪ አይደለም። ለምሳሌ ያህል አንድ ክሊኒክ በቀን 40 የደም ቆጠራ ምርመራ የሚያደርግ፣ ዕቃውም ከታዘዘ በኋላ በ60 ቀን የሚደርስ ቢሆን፣ በመጋዘኑ ለ2,400 ምርመራ የሚበቃ ሪኤጀንት ሲቀር ማዘዝ ይገባዋል። ለመጠባበቂያ የአሥር ቀን ፍጆታ፣ ይኸውም 400 ሲጨመርበት 2,800 ይሆናል። አሁን ሌላ አስመጪ መጥቶ አንዳንድ ጊዜ በ20 ቀን አደርሳለሁ ቢል፣ አንዳንድ ጊዜ ግን 90 ቀን የሚፈጅበት ቢሆን፣ ኃላፊው የሚያሰላው በ20ው ሳይሆን በ90ው ነው፤ መጠባበቂያውን ሳይጨምር 3,600 ማስቀመጥ አለበት። የክሊኒኩ ገንዘብ በመደርደሪያ ላይ ይታሰራል፤ የሪኤጀንቱም የአገልግሎት ጊዜ ሳይከፈት ያልፋል። እንግዲህ ሁልጊዜ በ60 ቀን የሚያደርስ ነጋዴ፣ አንዳንዴ በ20 አንዳንዴ በ90 ቀን ከሚያደርሰው ይልቅ ጥቂት ቢያስወድድም ተመራጭ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ዕቃው በጂቡቲ ወደብ ወይም በጉምሩክ የዘገየ እንደ ሆነ በዚያው ቀን ስልክ ደውሎ የሚያስታውቅ ነጋዴም፣ እየመጣ ነው በማለት ከሚያዘናጋው ይልቅ ይከበራል፤ ኃላፊው ከጎረቤት ክሊኒክ የሚበደርበት ጊዜ ያገኛልና።

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ግን በቅዝቃዜ የሚጠበቀው መድኃኒት ነው። ኦክሲቶሲን የተባለው መርፌ አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ማኅፀንዋ እንዲኮማተርና ደሟ እንዲቆም የሚሰጥ መድኃኒት ነው። በዓለም ላይ እናቶች ከወሊድ ጋር በተያያዘ ለሞት ከሚዳረጉባቸው ምክንያቶች ዋነኛው የደም መፍሰስ ስለ ሆነ፣ እናቶችን የሚያዋልድ ክሊኒክ ይህን መርፌ ሳይዝ ሌሊቱን ማደር አይገባውም። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። በሙቀት ውስጥ ሲቆይ ኃይሉ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ነገር ግን ቀለሙ አይለወጥም፣ ሽታ አያመጣም፣ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቀንም እንደ ነበረ ይነበባል። ከመጋዘን እስከ ክሊኒኩ በር በፀሐይ በጋለ መኪና ውስጥ የዋለ ካርቶን፣ በማቀዝቀዣ ሣጥን ከመጣው ጋር በመልክ አንድ ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው በሌሊት፣ አዋላጅዋ መርፌውን ከወጋች በኋላ ደሙ አልቆም ሲል ነው። በዚያ ሰዓት ደግሞ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ የሚመረምር የለም።

ስለዚህ ኃላፊው ከፋርማሲው ባለሙያ ጋር ሆኖ ዕቃ ሲረከብ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሣጥኑን ከፍቶ የሙቀት መለኪያውን ያነብባል፤ መለኪያ ከሌለውም ይመልሳል። ነጋዴው ለአሥር ደቂቃ መንገድ ይህን ያህል ጣጣ ለምን ያስፈልጋል ብሎ ቢቆጣ፣ ቁጣው ተገቢ አይደለም። ኢንሱሊንም እንዲሁ በቅዝቃዜ የሚጠበቅ ነው፤ ከዚህም በቀር በረዶ ከሠራ ስለሚበላሽ፣ ለጥንቃቄ ብሎ በበረዶ ላይ በቀጥታ ማስቀመጥ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። የመድኃኒቱ መመዝገብና የአስመጪው ፈቃድም የሚጠየቀው በዚሁ የርክክብ ጊዜ ነው፤ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ያልተመዘገበ መድኃኒት በገበያ ላይ እንዳይውል ይከለክላልና።

የመጠቀሚያ ጊዜው የቀረበ ዕቃ በቅናሽ ሲቀርብም ርካሽነቱ ብዙ ጊዜ ለዓይን ብቻ ነው። አንዱ በ100 ብር የሚሸጥ ዕቃ ስድስት ወር ስለ ቀረው በ70 ብር ተሰጠ እንበል። ክሊኒኩ 100 ቢገዛ 7,000 ብር ይከፍላል። በወር የሚጠቀመው ግን አሥር ብቻ ከሆነ፣ በስድስት ወር ውስጥ 60 ተጠቅሞ 40ውን ለማስወገድ ይገደዳል። በእውነት የተጠቀመበት እያንዳንዱ ዕቃ ከ116 ብር በላይ ወጣበት ማለት ነው፤ ያውም የማስወገጃው ወጪ ሳይቆጠር። በግምጃ ቤቱ ውስጥም አስቀድሞ የገባው ሳይሆን ጊዜው አስቀድሞ የሚያልፈው ከፊት ይደረደራል።

የውጭ ምንዛሪው ነገርም በዚህ ሥራ ላይ ትልቅ ለውጥ አምጥቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዚያ ጊዜ አስመጪዎች ፕሮፎርማው የሚጸናበትን ቀን ማሳጠራቸው የሚያስወቅሳቸው አይደለም። ክሊኒኩ ግን ለአንድ ምርመራ የሚያስከፍለውን ዋጋ ከቀን ወደ ቀን መለወጥ አይችልም፤ በሽተኛው ትናንት የከፈለውን ያስታውሳል። ስለዚህ ኃላፊዎች ዋጋው ምን ያህሉ በዶላር፣ ምን ያህሉ በአገር ውስጥ ወጪ ላይ የተመሠረተ እንደ ሆነ ለይቶ የሚያሳይ ነጋዴን ይመርጣሉ።

የመጨረሻው ጉዳይ ሕክምና ገዥዎችን ሁሉ፣ ላኪዎችንም ጭምር ይመለከታል። ቡና የሚያበጥሩ፣ ቅባት እህል የሚያዘጋጁ ብዙ ሠራተኞች ያሏቸው ድርጅቶች ከክሊኒክ ጋር የዱቤ ውል ተዋውለው ሠራተኞቻቸውን ያሳክማሉ። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሕክምናውን ወጪ መሸፈንም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአሠሪው ግዴታ ነው። ኃላፊው በየወሩ መጨረሻ የታከሙትን ስም፣ የተደረገውን ምርመራና ዋጋውን ዘርዝሮ ሒሳቡን ይልካል። ውሉ በ30 ቀን ይከፈል ቢልም፣ አንድ ፊርማ ጎደለ፣ የአንዱ ሠራተኛ መታወቂያ ቁጥር ተሳሳተ እየተባለ 90 ቀን የሚደርስበት ጊዜ አለ። የወሩ የዱቤ ሒሳብ 400,000 ብር ከሆነ፣ የሁለት ወር መዘግየት 800,000 ብር ከክሊኒኩ ካዝና ውጭ ያስቀምጣል። በዚያው ሳምንት ሪኤጀንቱ የሚታዘዝበት ቀን ይደርሳል፤ ኃላፊውም አስመጪውን በዱቤ ስጠኝ ብሎ ይለምናል፤ አስመጪውም የባንክ ዕዳ ስላለበት እምቢ ይላል።

የሚያስገርመው አንዳንድ ጊዜ ሁለቱ አንድ ሆነው መገኘታቸው ነው። አስመጪው የቀድሞው ዕዳ ካልተከፈለኝ ዕቃ አላወርድም ባለበት ቀን፣ የራሱ ድርጅት ሠራተኞች የታከሙበት የሦስት ወር ሒሳብ በኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ከተከመረው ወረቀት ውስጥ ይገኛል። አስተዋይ የሆነ ኃላፊ እንዲህ ባለ ጊዜ አይከራከርም። ሁለቱን ሒሳቦች በአንድ ወረቀት ላይ አስፍሮ ልዩነቱ ብቻ እንዲከፈል ደብዳቤ ይጽፋል፤ ሁለቱም ወገኖች ለየሽያጫቸው ደረሰኝ መቁረጥ ግን አይቀርላቸውም።