ያለ ተራ የሚጀመረው ሰንጠረዥ

በአጅባርም ሆነ በመካነ ሰላም ከተማ ቡና ቤት ደጃፍ ላይ በቆርኪ ዳማ የሚጫወት አይጠፋም፤ በስልኩ ቼዝ የሚጫወት ወጣትም አለ። ስለ አገራችን ሰንጠረዥ ሳነሳባቸው ግን «ያው ቼዝ ነው አይደል?» ይሉኛል። አይደለም!

ሰሌዳው 8 በ8 ነው፤ ጥቁርና ነጭ ቤት ግን የለውም፣ ቀይ ጨርቅ ላይ መስመር ብቻ ይሰመርበታል። ጠጠሮቹ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ ናቸው። ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል፤ ፊል በሰያፍ አንድ ቤት ይዘላል። ይህን ጨዋታ አፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ተጫውተውታል፤ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴም ጨዋታው ነፍሳቸው ነበር።

ጨዋታው በወረራ ይከፈታል። በወረራ ጊዜ ተራ የለም። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም በአንድ ጊዜ የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። ይህን የሰማ ሁሉ «እንግዲያው እጀ ፈጣን ያሸንፋል» ይላል፤ እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ወረራ የዓይን ጨዋታ ነው። ፈረስህን ወደ መሐል ስታወጣ ባላጋራህ አይቶ ፊሉን ያዛውራል፤ አንተም ያንን አይተህ ፈረሱን ትመልስና በደሩ በኩል ትሞክራለህ። አሰላለፉ ሳይስተካከልለት ቸኩሎ የበላ ሰው ወረራውን ራሱ ዘጋው፤ ከዚያ ወዲያ ጨዋታው በተራ ነው፣ ማስተካከያ ጊዜም የለም።

ሆዳም ተጫዋች መጨረሻውም ላይ ይቀጣል። በዛሬው ቼዝ ብቻውን የቀረን ንጉሥ ማት ማድረግ ይቻላል፤ በሰንጠረዥ ግን አይቻልም። የባላጋራህን ጠጠር ሁሉ ጠራርገህ ከበላህ ጨዋታው አቻ ነው! አንድ ጠጠር ብቻ ከቀረው ደግሞ ያቺ ጠጠር 7 ጊዜ ሳትንቀሳቀስ ማት ማድረግ አለብህ። ስለዚህ ጎበዝ ተጫዋች እያሸነፈ ሳለ የትኛውን እንደሚያስተርፍ ያስባል። በደር ወይም በፈረስ ማት ማድረግ ብዙም አያስመሰግንም፤ በፊል፣ በፈርዝ ወይም በመደቅ ሲሆን ነው ተመልካች የሚያደንቀው።

ሰንጠረዥ ገዝታችሁ ሳሎን ውስጥ የምትደረድሩ ሰዎች፣ እባካችሁ ሁለቱን ነገሥታት ፊት ለፊት አታፋጥጧቸው። እያንዳንዱ ተጫዋች ንጉሡን ከመሐለኛው መስመር በስተቀኙ ያቆማል፤ ትይዩው የሚቆመው የባላጋራው ፈርዝ ነው።