ሽቦ፣ ናፍጣ፣ ባትሪ፦ አንድ ባቡር ሦስቱን እንዴት ይጠቀማል?

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ መብራት ሲጠፋ የሚሆነውን ያየ ሰው የዘመኑን ባቡር አሠራር ለመረዳት ብዙም አይቸገርም። አንዱ ባለ ሱቅ ጄኔሬተሩን ደጅ አውጥቶ ያስነሣል። ጎረቤቱ ባትሪና ኢንቨርተር ስላለው ያለ ምንም ድምፅ ሥራውን ይቀጥላል። መብራት ሲመጣ ሁለቱም ወደ ቆጣሪው ይመለሳሉ፤ ባትሪውም መሙላት ይጀምራል። ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ግን በዚህ ሁሉ መሀል ያው ነው። ኤሌክትሪኩ ከየትም ይምጣ፣ ከደረሰው ይዞራል።

የኤሌክትሪክ መስመር፣ ናፍጣና ባትሪ አጣምሮ የሚሄድ የመንገደኛ ባቡር ሲባል ብዙ ሰው ሦስት ዓይነት ሞተር የሚፈራረቁበት ማሽን ይመስለዋል። መንኮራኩሩን የሚያዞረው ግን አንድ ዓይነት ሞተር ብቻ ነው፤ እሱም የኤሌክትሪክ ሞተር። ሽቦው፣ የናፍጣ ሞተሩና ባትሪው ለዚያ ሞተር ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉ ምንጮች ናቸው።

ድሬዳዋ ለረጅም ዘመን የኖረችው ከናፍጣ ባቡር ጋር ስለሆነ ከናፍጣው ልነሣ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከተማዋም በባቡሩ ምክንያት ተቆረቆረች። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነበር። የመጀመሪያዎቹ ባቡሮች የሚሄዱት በእንፋሎት ነበር። እንፋሎት ደግሞ ከማገዶው እኩል ውኃ ይፈልጋል፤ ከድሬዳዋ እስከ ጅቡቲ ባለው ደረቅ ቆላ ውኃ ማግኘት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የአገሩ ሰው ያውቀዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ሲመጡ ይህ ችግር ተቃለለ።

እነዚያ ሎኮሞቲቮች በናፍጣ ይሂዱ እንጂ ውስጣቸው ኤሌክትሪክ ነው። ምክንያቱም የናፍጣ ሞተር ከቆመበት ተነሥቶ ጭነት መጎተት አይችልም፤ መጀመሪያ መዞር አለበት። የጭነት መኪና ይህን ችግር በፍሪሲዮንና በማርሽ ይፈታዋል። ስድስት መቶና ሰባት መቶ ቶን የሚጎትት ባቡር ግን እንደ መኪና ፍሪሲዮን ይስጥ ቢባል ፍሪሲዮኑ ተቃጥሎ ያልቃል። የኤሌክትሪክ ሞተር ጠባዩ የተለየ ነው፤ ትልቁን የመጎተት ጉልበት የሚሰጠው ገና ከቆመበት ሲነሣ ነው። ስለዚህ መሐንዲሶች የናፍጣ ሞተሩን ከመንኮራኩሩ አላቅቀው ከጄኔሬተር ጋር አገናኙት። ናፍጣው ጄኔሬተሩን ያዞራል፣ ጄኔሬተሩ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ኤሌክትሪኩ ከመንኮራኩሩ አጠገብ ያሉትን ሞተሮች ያዞራል። ናፍጣና ኤሌክትሪክ በአንድ ባቡር ላይ መገናኘታቸው እንግዲህ የቆየ ነገር ነው።

ወደ ሽቦው እንምጣ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ አዲሱ መስመር 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋው ሽቦ 25,000 ቮልት ይሸከማል። ይህን ያህል ቮልት ለምን አስፈለገ? አንድ ሎኮሞቲቭ 5,000 ኪሎ ዋት ቢፈልግ በ25,000 ቮልት 200 አምፔር ይበቃዋል። ያንኑ ኃይል የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በሚጠቀመው 750 ቮልት እናድርስ ቢባል ከ6,600 አምፔር በላይ ይጠይቃል። ሽቦን የሚያግለውና ኃይልን በመንገድ የሚያስቀረው አምፔሩ ነው። ስለዚህ ረጅም መንገድ ላይ ቮልቱን ከፍ፣ አምፔሩን ዝቅ ማድረግ ግድ ይላል።

ከሎኮሞቲቩ ጣሪያ ወደ ላይ ተዘርግቶ ሽቦውን እየታከከ የሚሄደው ክንድ ፓንቶግራፍ ይባላል። በእሱ የገባው ኤሌክትሪክ መጀመሪያ ትራንስፎርመር ውስጥ አልፎ ቮልቱ ይወርዳል። ቀጥሎ ከኤሲ (አቅጣጫው ከሚለዋወጥ ኤሌክትሪክ) ወደ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚሄድ ኤሌክትሪክ) ይለወጣል። በመጨረሻ ኢንቨርተሩ ዲሲውን እንደገና ኤሲ ያደርገዋል፤ አሁን ግን የመወዛወዝ ፍጥነቱ በሾፌሩ ፈቃድ የሚጨምርና የሚቀንስ ኤሲ ነው። ባቡሩ ቀስ ብሎ እንዲነሣም ሆነ እንዲፈጥን የሚያደርገው ይህ መሣሪያ ነው። ኤሲን ወደ ዲሲ፣ ዲሲን መልሶ ወደ ኤሲ መለወጥ ከንቱ ድካም ይመስላል፤ ሦስቱን ምንጮች ማገናኘት የተቻለው ግን መሀል ላይ ባለው ዲሲ ነው። ከሽቦ የመጣው ወደ ዲሲ ተለውጦ እዚያ ይገባል። ከናፍጣ ጄኔሬተሩ የመጣውም እንዲሁ። ባትሪው በተፈጥሮው ዲሲ ስለሆነ ቮልቱን ማስተካከል ብቻ ይበቃዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ኢንቨርተርና ሞተር ለሦስቱም አንድ ነው። ምንጩን የሚያማርጠው ኮምፒዩተር ነው፤ መንገደኛው ልዩነቱን ቢያውቅ በናፍጣው ድምፅ ብቻ ነው።

ባትሪው ከናፍጣው የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ይሰጣልም፣ ይቀበላልም። የኤሌክትሪክ ሞተር መንኮራኩሩ ሲያዞረው ራሱ ጄኔሬተር ይሆናል፤ ባቡሩንም ወደ ኋላ እየጎተተ ፍጥነቱን ይቀንሰዋል። ዘመናዊ ባቡር ፍሬን ሲይዝ መጀመሪያ የሚጠቀመው ይህን ነው። የተገኘው ኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ ወደ ሽቦው ይመለሳል፤ ሌላ ባቡር ይጠቀምበታል። ሽቦ የሌለው የናፍጣ ባቡር ግን ኤሌክትሪኩን የሚልክበት ስለሌለው በጣሪያው ላይ ባሉ ማሞቂያዎች አቃጥሎ ለአየር ይሰጠዋል። ባትሪ ሲጨመር ያ ኃይል ይቀመጣል።

ምን ያህል ነው የሚቀመጠው? እስቲ 600 ቶን የሚመዝን የመንገደኛ ባቡር እናስብ። ከአዲስ አበባ ዳር ካለው የለቡ ጣቢያ እስከ ድሬዳዋ ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ 1,000 ሜትር ነው። ይህን ያህል ክብደት ከዚያ ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ከ1,600 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበልጣል። እርግጥ መንገዱ ወጣ ገባ አለው፤ ነፋሱና ሐዲዱም ድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ ሁሉም አይመለስም። ያም ሆኖ ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ መስመር ላይ ፍሬን ኃይል ማመንጫ መሆኑን መርሳት ትልቅ ብክነት ነው።

ታዲያ ባትሪ ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ናፍጣው ለምን አስፈለገ? መልሱ ክብደት ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ውስጥ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት አለ፤ ሞተሩ አብዛኛውን አባክኖ ወደ 4 ያህሉን ወደ ሥራ ይለውጣል። ስለዚህ 1,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ለማግኘት 250 ሊትር ይበቃል፤ በርሜል ሲሆን አንድ ተኩል እንኳ አይሞላም። ያንኑ ኃይል በሊቲየም ባትሪ ለመያዝ ከስድስት እስከ ሰባት ቶን ባትሪ መሸከም ያስፈልጋል። ባትሪ ብቻውን ሩቅ አይወስድም ማለት ግን አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የስዊዘርላንዱ ባቡር አምራች ስታድለር የሠራው የባትሪ ባቡር በአንድ ሙሌት 224 ኪሎ ሜትር ሄዶ የዓለም ክብረ ወሰን ይዞ ነበር። ሽቦ ለረጅም ርቀት በሌለበት መንገድ ግን ሙሉ መንገደኛ ጭኖ፣ ዳገት ወጥቶ፣ በየዕለቱ በሰዓቱ ለመድረስ ናፍጣ አሁንም ሥራ አለው።

ሦስቱን በአንድ ላይ የያዙ ባቡሮች አውሮፓ ውስጥ ይታያሉ። በጣሊያን ሂታቺ የሠራውና ብሉስ የሚባለው ባቡር እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ መንገደኛ ያመላልሳል። ሽቦ ባለበት በሽቦ፣ በሌለበት በናፍጣ ይሄዳል፤ ጣቢያ ሲቃረብ ናፍጣውን አጥፍቶ በባትሪ ይገባል፤ ከተማው ጭስና ጩኸት አይደርስበትም። ባትሪው ለመነሻ ጉልበት ስለሚያግዝ የናፍጣ ሞተሩ ያን ያህል መጨነቅ የለበትም። አምራቹ እንደሚለው የነዳጅ ፍጆታው ከነባሮቹ የናፍጣ ባቡሮች በግማሽ ያንሳል። በዌልስ ካርዲፍ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ የሚሠሩት የስታድለር ባቡሮች ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ይማርከኛል። እዚያ ያሉ አሮጌ ድልድዮች ዝቅ ያሉ ስለሆኑ 25,000 ቮልት በሥራቸው ማሳለፍ አደጋ ነው። ድልድዮቹን አፍርሶ መሥራት ደግሞ ብዙ ገንዘብ ይበላል። ስለዚህ በእነዚያ ቦታዎች ሽቦው ኃይል አልባ እንዲሆን ተደረገ፤ ባቡሩ ያቺን ቁራጭ በባትሪ ያልፋታል፣ ወዲያው ከሽቦው ይሞላል። ሽቦ ወዳልተዘረጋበት መስመር ሲወጣ ናፍጣውን ያስነሣል።

እኛ አገር ይህን የመሰለ የመንገደኛ ባቡር የለም። ጉዳዩ ግን ሩቅ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ፣ የአዲሱ መስመር ሽቦ ገና ሥራ ሳይጀምር፣ የእርዳታ እህል ከጅቡቲ በናፍጣ ሎኮሞቲቭ እየተጎተተ በዚሁ ሐዲድ ላይ ገብቷል። ሽቦው ሥራ ከጀመረ በኋላም የኤሌክትሪክ መቆራረጥ ባቡሩን እንደሚያስቆመው በተደጋጋሚ ተነግሯል። የኤሌክትሪክ ባቡር ሽቦው ሲሞት የሚቆመው ጉዞው ብቻ አይደለም፤ የፉርጎው ማቀዝቀዣም ይቆማል፤ ለተወሰነ ጊዜ መብራት የሚሰጥ ትንሽ ባትሪ ይቀራል። በሚኤሶና በኤረር መሀል በቀትር ፀሐይ የቆመ ባቡር ውስጥ ሕፃን የታቀፈች እናት፣ የታመመ ሽማግሌ አሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ስለ ሦስት ምንጭ ባቡርም የምጽፈው ለዚህ ነው።

ናፍጣ ለእኛ መስመር ዋና መፍትሔ አይመስለኝም። ነዳጁን በዶላር ገዝተን በዚያው ጅቡቲ በኩል የምናስገባ አገር ነን፤ ኤሌክትሪኩ ግን ከራሳችን ወንዞች ይመነጫል። የጎደለው ሽቦው ሲሞት እስከሚቀጥለው ጣቢያ የሚያደርስ ባትሪ ነው፤ ያም ሰው እንደሚያስበው ግዙፍ አይደለም። ብረት በብረት ላይ ሲንከባለል የሚገጥመው እክል እጅግ ትንሽ ነው። ያንን 600 ቶን ባቡር ለጥ ባለ መሬት፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እያዘገመ 20 ኪሎ ሜትር ለማድረስ 70 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበቃል፤ ይህም ዛሬ አዲስ አበባ ላይ የሚነዱት አንዳንድ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከሚይዙት ብዙ አይርቅም። መንገዱ በየመቶ ሜትሩ አንድ ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ከሆነ ሒሳቡ ወደ 400 ይወጣል። የማቀዝቀዣውንና የሚባክነውን ጨምረን እጥፍ እናድርገው ብንል እንኳ አምስት ስድስት ቶን ባትሪ ነው፤ ሎኮሞቲቩ ብቻውን ከመቶ ቶን በላይ ይመዝናል።

አስቸጋሪው ሙቀቱ ነው። ሊቲየም ባትሪ በሙቀት ቶሎ ያረጃል፤ ድሬዳዋ በግንቦትና በሰኔ ከ35 ዲግሪ በላይ ትደርሳለች፤ ከብረት ሣጥን ውስጥ ያለው ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ስለዚህ ባትሪው የራሱ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ የሚዞርበት ቧንቧ ያስፈልገዋል፤ ያ ማቀዝቀዣም ባቡሩ ቆሞ ሳለ መሥራት አለበት። በብዙ ባቡሮች ላይ የሚገጠመው የቲታኔት ዓይነት ባትሪ በአንድ ኪሎ የሚይዘው ኃይል ያነሰ ቢሆንም ሙቀትንና ፈጣን ሙሌትን የተሻለ ይችላል፤ ከክብደት ይልቅ ዕድሜ ለሚያሳስበው መስመር የሚመረጠውም እሱ ነው።