ለመንቀል የሚከፍል፣ ለመሙላት የማይከፍል

በሃዋይ ደሴቶች ከ2009 እስከ 2022 ድረስ (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የድሃ አዋቂ ጥርስ ዕጣው አስቀድሞ የተቆረጠ ነበር። ሜዲኬይድ የሚባለው የመንግሥት የጤና ሽፋን ለአዋቂዎች የሚከፍለው ሕመሙ ሲጠና ወይም ድዱ መግል ሲቋጥር ብቻ ሆነ። ያኔ ደግሞ የሚቀረው በአብዛኛው መንቀል ነው። ትንሽ ቀዳዳ ይዞ «ሙሉልኝ» ያለ ሰው ከኪሱ ይከፍላል፤ ጥርሱ እስኪበሰብስ የታገሠ ግን በነፃ ይነቀልለታል።

ይህ የበጀት ቁጠባ ተባለ። የግዛቲቱ ጤና መሥሪያ ቤት ግን በ2012 ብቻ አስቀድሞ መከላከል በሚቻል የጥርስ ችግር ከ3,000 በላይ ጊዜ ድንገተኛ ክፍል እንደተኬደና ሆስፒታሎች 8.5 ሚሊዮን ዶላር ሂሳብ እንደጠየቁ በዘገባው አስፍሯል። ድንገተኛ ክፍል ደግሞ ማስታገሻና አንቲባዮቲክ ሰጥቶ ይሸኛል እንጂ ጥርስ አይሞላም።

ነገሩ የሚጀምረው ከዋሽንግተን ነው። በ1965 የወጣው የአረጋውያን ሽፋን፣ ሜዲኬር፣ አብዛኛውን የጥርስ ሕክምና ከመነሻው ትቶታል። ሜዲኬይድም ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑት ጥርስ ማከምን ግዴታ ሲያደርግ፣ የአዋቂውን ለየግዛቱ ፈቃድ ተወው። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠውም ይኸው ነው። ሃዋይ በ1974 በሳምንት 20 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራን ሰው አሠሪው የጤና መድን እንዲገዛለት በማስገደድ ከአሜሪካ ግዛቶች ቀዳሚ ነበረች፤ ያም ሕግ ቢሆን ጥርስን አያስገድድም። ጥርስ የአካል ክፍል አይደለም የተባለ ይመስላል።

ባሕሩ የሚመጣው በዚህ ላይ ነው። ከሃዋይ ትንንሽ ደሴቶች ሞሎካይ ወደ 7,000፣ ላናይ ወደ 3,000 ሰው ይኖርባቸዋል። ልዩ ሐኪሞች በአብዛኛው ያሉት ኦዋሁ ደሴት ላይ፣ ሆኖሉሉ ነው። ከሞሎካይ ወደ ማዊ ደሴት ይመላለስ የነበረው ጀልባ በ2016 ከቆመ ወዲህ የሞሎካይ ሰው የቀረው ትንሿ አውሮፕላን ናት። አንድ ጊዜ ብቻ የሚኬድ ቢሆን ባልከፋ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ግን ልኬት አለው፣ ሙከራ አለው፣ ከተገጠመ በኋላም ድድ እየላጠ ማስተካከያ ይፈልጋል። የጥርስ ሥር ሕክምናም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከአንድ ቀጠሮ በላይ ይወስዳል። ሽፋኑ ትኬቱን ቢከፍል እንኳ የጎደለውን የቀን ደመወዝና ቤት የቀረውን ልጅ ጠባቂ አይከፍልም። ማስነቀል ግን በአንድ ቀን ያልቃል። ገንዘብ ያለው ደሴተኛ እንኳ ሊድን የሚችለውን ጥርስ ቢያስነቅል አይፈረድበትም።

ሃዋይ የጥርስ ሐኪም የሚያስመርቅ ትምህርት ቤት የላትም። ወጣቱ ወደ ዋናው አሜሪካ ሄዶ ይማራል፤ ዕዳ ተሸክሞ ቢመለስም ክሊኒኩን የሚከፍተው ከፋይ ባለበት ከተማ ነው።

ለአዋቂዎች የተቋረጠው ሽፋን በጃንዋሪ 2023 ተመልሷል። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ በ2020 መጨረሻ፣ ከማርሻል ደሴቶች፣ ከማይክሮኔዥያና ከፓላው የመጡ ነዋሪዎች በ1996 የተነጠቁት የሜዲኬይድ መብት ተመልሶላቸዋል። ይሁንና የሜዲኬይድ ክፍያ ዝቅተኛ በመሆኑ ካርዱን የሚቀበሉ የግል ሐኪሞች ጥቂት ናቸው፤ በትንንሾቹ ደሴቶች ሸክሙ የወደቀው በማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች ላይ ነው። ሐኪም የሌለበት ካርድ ወረቀት ነው።

በእኔ እምነት መፍትሔው በአላስካ ታይቷል። የመኪና መንገድ ለማይደርስባቸው መንደሮች የአገሬው ተወላጆች ወጣቶቻቸውን ኒውዚላንድ ልከው ጥርስ ማከም አሠለጠኑ። ወጣቶቹ ከ2004 አካባቢ ጀምሮ ተመልሰው መሙላትና ቀላል መንቀል ሠሩ። የሐኪሞች ማኅበራት በ2006 ፍርድ ቤት ቢያቆሟቸውም ሥራው አልቆመም። የመንደሩ ልጅ መንደሩን ጥሎ አይሄድም ብሎ መወራረድ፣ ሐኪሙ ከከተማ ይመጣል ብሎ ከመጠበቅ ይሻላል።

አሜሪካ ላላችሁ አንባቢዎች ጉዳዩ የደሴት ብቻ አይደለም። ቨርጂኒያ ለአዋቂዎች የጥርስ ሽፋኑን ያሰፋችው በጁላይ 2021፣ ሜሪላንድ ደግሞ በጃንዋሪ 2023 ነው። እናት አባቶቻችሁ የሜዲኬይድ ካርድ ካላቸው፣ ጥርስ ለማስነቀል ቀጠሮ ከመያዛቸው በፊት ስልክ ደውላችሁ መሙላቱ ይሸፈን እንደሆነ ጠይቁላቸው።